«ላንድክሩዘር ምን ይሆናል?» የምትሉ ሰዎች

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደውሎ «ከጨረታ ሃርድቶፕ ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» አለኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት መልሱን ራሱ ሰጠው። «ለነገሩ ላንድክሩዘር ምን ይሆናል? ናፍታ ሞልቶ መንዳት ነው!»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይህቺ አባባል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ከዓመታት በፊት እኔም ቃል በቃል እንዲሁ ብዬ ነበርና። ዋጋዋንም ከፍያለሁ። ከፍያለሁ ማለቴ ራሱ ድፍረት ነው፤ ከእኔ በላይ የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

ዛሬ ስለዚህ መኪና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። መኪና የላችሁም እንኳን ብትሆኑ አንብቡት። በገጠር መንገድ የሃርድቶፕ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጋጭታችሁ የተጓዛችሁ ብዙ ናችሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ መኪናዋን የገዛናት አንድ የእርዳታ ድርጅት ባወጣው ጨረታ ነው። ቆጣሪዋ 287,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ቀለሟ ደብዝዟል፣ ወንበሯ ተቀዷል፣ ሞተሯ ግን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ከቁልፉ ጋር አንድ ጠርዙ በዘይት የጠቆረ ደብተር ሰጡን። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ኩሽኔታ መቼ እንደተለወጠ፣ በስንት ኪሎ ሜትር ምን እንደተደረገ በተለያየ ሰው እጅ ጽሑፍ ሰፍሮበታል። ወንድሜ ገለጥ ገለጥ አደረገና ኮፈኑ ሥር ያለ ነገር ይመስል መሳቢያው ውስጥ ወረወረው። ሊብሬውን ግን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ሥራ ያስገባናት ባሌ ነው፤ ከደሎ መና ጎባ። መንገዱን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከሙቀቱ አገር ተነስቶ የሐረና ጫካን እየሰነጠቀ ወደ ላይ ይወጣል። ሪራን አልፎ ሳነቴ አምባ ላይ ሲደርስ ከፍታው ከባሕር ጠለል 4,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ወደ ጎባ ይወርዳል። የሃርድቶፑ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ቱርቦ የለውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር ከመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ሳነቴ ላይ የምትነዱት መኪና ከሲሶ በላይ ጉልበቱ የጠፋበት ነው። እሱም በሰውና በቡና ጆንያ ተጭኖ።

ቆጣሪው 300,000 ሲሞላ ሰሌዳው ላይ አንዲት መብራት በራች። ሹፌራችን ደወለ። ይህች መብራት በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የምትበራው የታይሚንግ ቺንጋው እንዲቀየር ነው። ይህ ሞተር ፒስተኑንና ቫልቩን በስምምነት የሚያስኬደው በዚህ የጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑ ወጥቶ ቫልቩን ይመታዋል፣ ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ስንት ቀን ትቆማለች?» ሁለት ቀን አለኝ። የአጥቢያው የገበያ ቀን ነው፣ ገቢ ይቀራል። «እስቲ መብራቷን አጥፋትና ሥራ፤ ላንድክሩዘር ምን ይሆናል?» አልኩት።

መብራቷን ማጥፋት ቀላል ነው። የደቂቃዎች ሥራ።

ቺንጋው ከዚያ በኋላ 43,000 ኪሎ ሜትር ተሸክሞናል። እውነቱን ለመናገር ይህ በራሱ የሚያስገርም ነው። አንድ የሐምሌ ማታ ሳነቴ ላይ ተበጠሰ። ዝናብና ጉም ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውስጡ ከሹፌሩና ከረዳቱ ሌላ 17 ሰው ነበር። ከመሐላቸው አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለው የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ ወደ ጎባ ለሕክምና እየሄደች ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። በመጨረሻ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ደረሰና እናትየዋን ከነልጇ ጋቢና ውስጥ፣ የቀረውን ከላይ ጭኖ ወሰዳቸው። ልጁ ተረፈ። ይህን ያወቅሁት ሹፌሩ በማግስቱ ጎባ ድረስ ሄዶ ጠይቆ ስለነገረኝ ነው። እኔ ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር፤ እኔ ያሰብኩት ቴስታታውን ነው።

የሞተሩ ጥገና የአምስት ወር ገቢዋን በላ። ጋራዥ የወሰድኳት አዛውንት መካኒክ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት «ደብተር አላት?» አሉኝ። መሳቢያውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገለጡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። በ200,000 ኪሎ ሜትር «የታይሚንግ ቺንጋ ተቀይሯል» ይላል። ቀጥሎ መቼ እንደሚቀየርም ከጎኑ ተጽፏል። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉን ነገር ነግረዋችሁ ነበርኮ» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። ሃርድቶፕ ጠንካራ መኪና ነው፣ አልክድም። የዚህ ዘር መኪና በ1984 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ እስካሁን የሚመረተው በከንቱ አይደለም። ሞተሩ ውስጥ ኮምፒውተር የለም፣ ፍሬሙ ወፍራም ነው፣ የፊቱም የኋላውም አክስል ድፍን ብረት ነው። በየትኛውም የወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ መኪናው ለጥገና የተመቸ ነው ማለት ነው። ጥገና አይፈልግም ማለት አይደለም። እኛ ሁለቱን አቀላቅለን ይዘናል።

ከጨረታ የምትገዙት መኪና 20 ዓመት ኖሮ እናንተ ጋ በሰላም የደረሰው ሌላ ሰው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ስለቀየረለት ነው። እኛ ያን የሌላ ሰው ጥንቃቄ በብረቱ ስም እንገዛና እስኪያልቅ እንበላዋለን። ሲያልቅ ደግሞ «የዛሬ ላንድክሩዘር እንደ ድሮው አይደለም» እንላለን።

አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ ሃርድቶፕ ላላችሁ ብቻ። ወንዝ ስታቋርጡ የጋለ ዲፍረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የመተንፈሻ ቱቦው ከተደፈነ ወይም ጎሚኒው ካረጀ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ከወንዝ በኋላ የዲፍረንሻሉን ዘይት አስወርዳችሁ እዩት። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፣ በዚያው ሳምንት ቀይሩት። ሁለተኛው የናፍታ ፊልትሮው ነው። ከሥሩ ውኃ ማውጫ አለው። ከበርሜል በተቀዳ ናፍታ የምትሠሩ ከሆነ ቶሎ ቶሎ አፍስሱት፤ ውኃ ፖምፓው ውስጥ ከገባ ወጪው ከፊልትሮ ጋር አይወዳደርም። በደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ ፎርዊል አስገብታችሁ አትንዱ፤ የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል ስለማይዞር ጭነቱ ካምቢዮው ላይ ያርፋል። ዓባይ በረሃን ስትወርዱም ፍሬን ላይ ቆማችሁ አትውረዱ። ከጎሐጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ የፍሬን ሸራ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ ይያዝላችሁ።

ይህን የሚያውቅ ሹፌር ብዙ ነው። የእኔም ሹፌር ያውቅ ነበር። ችግሩ እሱ አይደለም። የአብዛኛው መኪና ባለቤት ሌላ ከተማ ተቀምጦ በየማታው ገቢ ይቆጥራል። ሹፌሩ ማስገባት ያለበት ቁርጥ ገንዘብ አለ። መኪናው በቆመ ቀን የሚራበው እሱ ነው፣ መኪናው በተሰበረ ቀን የሚወቀሰውም እሱ ነው። እንዲህ ባለ ስምምነት ውስጥ የትኛው ሹፌር ነው ደውሎ «ዛሬ ላቁማት» የሚለው? የእኔው ደውሎልኝ ምን እንዳልኩት አንብባችኋል። 13 ሰው እንዲይዝ የተሠራውን መኪና 20 ሰው አሳፍሮ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ከምሮ የሚነዳውም በዚሁ ሒሳብ ነው። መኪናው ከፍ ያለ ነው፣ ጭነቱ ከላይ ሲሆን ኩርባ ላይ ይገለበጣል። የጎን አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ቀበቶ የለውም። «ላንድክሩዘር ነው፣ ይችላል» ይባላል። ብረቱ ሊችል ይችላል። ሰውስ?

ታዲያ አንዳንዶች «ይህን አሮጌ ብረት ሸጣችሁ ተገላገሉ፣ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ይሉናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ ሳሪስ ለሚመላለስ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነገር ነው፣ ዕድሉን ባገኝ እኔም እገዛለሁ። ከተማ ውስጥ በቪ8 ለሚንፈላሰሰውማ፣ ፎርዊሉን አንድም ቀን አስገብቶ ለማያውቀው፣ አስቀድሞም አያስፈልገውም ነበር። ሐረና ውስጥ ግን ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ የለም። የደሎ መና ሰው ወደ ጎባ የሚወጣው ለብዙ ዓመት ገና በእነዚሁ አሮጌ መኪኖች ነው። የሚተካቸው በቀላሉ ካልመጣ ያሉትን መጠበቅ ግድ ይላል።

መለዋወጫ ተወዷል፣ እውነት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ሶማሌ ተራ የጠየቃችሁት ዋጋ ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ላይገኝ ይችላል። ኦርጅናል በሚመስል ካርቶን የታሸገ ኮፒም ሞልቷል። በዚህ ሁሉ ላይ ግን አንድ የታይሚንግ ቺንጋ ዛሬም ከአንድ ቴስታታ ሥራ እጅግ ይረክሳል።

እኔ በበኩሌ ከሹፌሬ ጋር ውሉን ቀይሬአለሁ። መኪናዋ ለሰርቪስ የቆመችበት ቀን ገቢ አይጠየቅም፣ የእሱም አበል አይቀርም። ከየሳምንቱ ገቢ የተወሰነ ገንዘብ ለጥገና ብቻ በሚሆን ሒሳብ ይገባል። ወንድሜ «ሹፌር አበላሸህ» ብሎ እስካሁን ያኮርፈኛል። ጓደኛዬንም ደውዬ «ደብተሩን ካልሰጡህ አትግዛ» አልኩት። ሳቀብኝ።

ትናንት ማታ ሹፌሩ ደወለ። «ጋሼ፣ ከፊት የግራው ጎማ በኩል ዘይት ያረጠበው ነገር አለ፤ ጎሚኒው ሳይሆን አይቀርም። ነገ ደግሞ ገበያ ነው፣ ምን ላድርግ?»

አቁማት አልኩት። ዛሬ ጎባ ጋራዥ ናት። ደብተሩ ላይ ሲጽፍበት ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል፦ 418,600።