ደጀን ላይ ጣሪያ የምታስቀይሩ ስሙኝማ

የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ስለሆነ ግንቦት ላይ አናጢ ፈለግሁ። «ጎበዝ ነው» የተባለው ሰውዬ ቀብዱን ተቀብሎ፣ አሮጌውን ገፎ፣ ግማሹን መትቶ ሌላ ሥራ ሄደ። ስደውልለት «ነገ»። ሰኔ ገባ። እናቴ ከነእህሏ ሸራ ሥር አደረች።

ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው አልልም። አናጢ ስንፈልግ የምንጠይቀው «የእጅ ስንት?» ብቻ ነው። ጨምቀን ጨምቀን እናወርደዋለን፣ የተሻለ ሲያገኝ ጥሎን ይሄዳል። እኔም አስቀንሼ ነበር፣ አልዋሽም።

ሁለተኛውን «ከሦስት ክረምት በፊት የመታኸውን ቤት አሳየኝ» አልሁት። ወሰደኝ። ባለቤቷን ጠየቅኋት፣ ጠብ አይልም አለችኝ። የኛን ቤት ወጥቶ ሲያይ ሚስማሩ ቦዩ ላይ ነው የተመታው! ውሃ በሚወርድበት! ሚስማር እኮ ከነጎማው ጀርባው ላይ ነው የሚመታው። አራት አዲስ ቆርቆሮ ከሰርን። ምስጥ የበላውን ማገርም ለወጠው። ደጀን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናት፣ ነፋሱ ላላ ያለ ቆርቆሮ አይምርም።

ስትገዙም «35 ጌጅ ከ30 ይሻላል» የሚላችሁን አትስሙ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል።

በኔ አስተያየት የመጨረሻው ክፍያ አንድ ደህና ዝናብ ከወረደበት በኋላ መሆን አለበት። አናጢዎች «እምነት የለህም ወይ?» ትሉኛላችሁ። የለኝም። እናንተም ግን የድካማችሁን ዋጋ ሳታፍሩ ጥሩ። ሁለተኛው አናጢ በዚህ ተስማማ፤ ቀሪውን ሐምሌ ላይ ከፈልሁት።