በዐይን የማይታይ ሕመም በወረቀት ይመዘን

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የመንግሥት ድጋፍ የሚገባውን ሰው ለይቶ ማወቅ ቀላል ሥራ አለመሆኑን አምናለሁ። ጠያቂው ብዙ ነው፤ የተመደበው ገንዘብ ግን ውሱን ነው። ይሁን እንጂ የችግረኛውን ሁኔታ በዐይን ብቻ አይቶ መፍረድ፣ ፈርዶም የውሳኔውን ቃል በጽሑፍ አለመስጠት ደግ ልማድ አይደለም። ስለዚህ በየቢሮው ማኅተም ይዘው ለተቀመጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ጥቂት ቃል እንዳቀርብ በጋዜጣችሁ ላይ ቦታ እንድትፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ በሲቀላ የሚኖሩ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤቴ የ19 ዓመት ልጅ አላቸው። ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የስኳር በሽተኛ ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ የኢንሱሊን መርፌ ይወጋል። ለመሥራት ለማይችሉ ችግረኞች ከሚሰጠው ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲደርሰው ቢያመለክቱ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሚቴ «እጅ እግሩ ደኅና ነው፤ ጎረምሳም ነውና እንደ እኩዮቹ ዶማ ይዞ ይሥራ» ብሎ መለሳቸው። ይግባኝ ለማለት ወደሚመለከተው ክፍል ቢሄዱ «የተከለከሉበትን ደብዳቤ ያምጡ» ተባሉ። ደብዳቤውን ከኮሚቴው ቢጠይቁ ደግሞ «በቃል ነግረንዎታል» የሚል መልስ አገኙ። ደብዳቤ ከሌለ ይግባኝ የለም፤ ይግባኝ ከሌለም ኮሚቴውን ደብዳቤ የሚያስጽፈው የለም። በዚህ ዐይነት ሦስት ወር አለፈ።

ይህ በሽታ በዐይን የሚታይ አይደለም። የስኳር በሽታ ሁሉም አንድ ዐይነት ስላልሆነ፣ ክኒን እየዋጠ ሥራውን የሚሠራ ጎልማሳ የምናውቅ ሰዎች ወጣቱንም በዚያው ሚዛን እንመዝነዋለን። በልጅነት የሚጀምረው አንደኛው ዐይነት ግን ሰውነት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ፈጽሞ ማመንጨት የሚያቆምበት ነው። መርፌው ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ ደም ይመረዛል፤ በሽተኛውም ይሞታል። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በጥር 1914 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ እስኪወጋ ድረስ፣ በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ዕድሜው እጅግ አጭር ነበር።

መርፌው ቢገኝም ጣጣው አያልቅም። መርፌ ወግቶ ምግብ ያጣ፣ ወይም ከባድ የጉልበት ሥራ የሠራ እንደ ሆነ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል። ያን ጊዜ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩ ይዛባል፤ የማያውቁትም ሰካራም ነው ይሉታል። ፈጥኖ ስኳር በጥብጦ ወይም ሙዝ የሚያበላው ሰው ካላገኘ ራሱን ስቶ ይወድቃል። መድኀኒቱም ቢሆን ሙቀት አይወድም፤ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ከሴቻ ቁልቁል ባለችው በሲቀላችን ሙቀት ማቀዝቀዣ የሌለው ድኻ፣ እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ከማኖር በቀር ሌላ ዘዴ የለውም። እንግዲህ ይህን ልጅ በቀትር ፀሐይ ቦይ ቆፍር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። የጤና መድን መድኀኒቱን ቢሸፍንለት እንኳ ከመርፌው ጋር የሚያስፈልገውን ቁራሽ እንጀራ አይሸፍንለትም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ አገሪቱ አቅሟ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንድትረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም፣ ጉዳት የሚለው የጎደለ እጅና እግርን ብቻ አይደለም፤ ከዘላቂ የጤና ጉድለት የተነሣ ከሌላው ሰው እኩል ለመኖር መሰናክል የሚገጥመውንም ይመለከታል። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ኋላም ወደ 83 ከተሞች ሲሰፋ፣ መሥራት ለሚችለው የአካባቢ ልማት ሥራ፣ ለማይችለው ቀጥተኛ ድጋፍ ተብሎ በሁለት የተከፈለው በከንቱ አልነበረም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም አስተዳደራዊ ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል። እርግጥ ይህ አዋጅ የሚመለከተው የፌዴራሉን መንግሥት፣ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን መሥሪያ ቤቶች ነው። ነገር ግን በአርባ ምንጭ ያለ ጸሐፊ የውሳኔውን ምክንያት በሁለት መስመር ቢጽፍ የሚከለክለው ሕግ የለም።

በእንግሊዝ አገር ከ16 ዓመት በታች የሆነ የስኳር በሽተኛ ልጅ የአካል ጉዳት አበል ሲጠየቅለት የሚመረመረው የበሽታው ስም ሳይሆን፣ በሽታው ሌሊትና ቀን የሚጠይቀው ጥበቃ ነው። አበሉ የተከለከለ እንደ ሆነ ለወላጁ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በአንድ ወር ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይጠይቃል፤ ካልተሳካለትም ከመሥሪያ ቤቱ ነፃ የሆነ ዳኝነት ዘንድ ይቀርባል። የእነርሱ ሀብት የለንም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እኔ የጠየቅሁት ወረቀትና ቀለም ነው።

ለዚህም በአገራችን ያለውን ጥሩ ምሳሌ መመልከት ይበቃል። በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳር በሽተኞችን ክትትል ከሆስፒታሉ አውጥተው በገጠር ጤና ጣቢያዎች በሠለጠኑ ነርሶች እጅ እንዲካሄድ አድርገዋል። አንዲት ነርስ የበሽተኛውን የኢንሱሊን ልክ እንድትከታተል ከታመነች፣ «ይህ ልጅ ከባድ ሥራ አይችልም» ብላ የምትፈርምበት ወረቀት በቀበሌ የማይታመንበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሐሰት ማስረጃ ይበዛል የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም የሐሰት ወረቀት የሚያዘው ካርድ ቁጥሩንና የክትትሉን መዝገብ ከጤና ጣቢያው ጋር በማመሳከር ነው እንጂ፣ እውነተኛውን በሽተኛ በመልኩ ፈርዶ በመመለስ አይደለም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች ሦስት ነገር ቢያስቡበት መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፣ ማንም አመልካች ሲከለከል ምክንያቱ፣ ቀኑና ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የተጻፈበት ወረቀት በዚያው ዕለት ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ሕመምን የሚመለከት ነገር በጤና ባለሙያ ጽሑፍ ይወሰን፤ ጽሑፉም የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት መርፌ እንደሚወሰድና ምን ዐይነት ሥራ እንደማይቻል ይግለጽ። ሦስተኛ፣ ይግባኙን የሚሰሙት ሰዎች አስቀድመው ከከለከሉት ሌላ ይሁኑ፤ መልሱም በተቆረጠ ቀን ይሰጥ። ወጣቱም ዕድሜውን ሁሉ ተረጂ ሆኖ መኖር አይመኝምና፣ በጥላ ሥር የሚሠራ ቀላል ሥራ በተገኘ ጊዜ ቅድሚያ ቢሰጠው ለእርሱም ለመንግሥትም ጥቅም ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። በቃል የተነገረ ክልከላ ግን ሳይረሳም ሳይጻፍም ድኻውን በደጅ ያስቀረዋል። እኛ የቢሮ ሰዎች ለማንኛውም ነገር ማመልከቻ በጽሑፍ አምጡ እንላለን፤ መልሳችንም በጽሑፍ ይሁን። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ቀጠሮ የሚጠብቅበት ሦስት ወር የለውምና።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሲቀላ፣ አርባ ምንጭ