የሶዶ የመንግሥት ሠራተኛ መጓጓዣ በስምምነት ይጻፍ

ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። የዞንና የከተማ መሥሪያ ቤቶች ባሉባት ከተማ ላይ የክልል ቢሮዎች ተጨመሩ። ጠዋት የቢሮ ሰዓት ሲቃረብ መንገዱ በባጃጅ ይሞላል። ከቦዲቲ፣ ከአረካ ወይም ከሁምቦ የሚመላለስ ሠራተኛ ደግሞ በሚኒባስ መጥቶ ከመናኸሪያ ሌላ ባጃጅ መያዝ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ወጪ ከኪሱ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ በሊትር 47.83 ብር ይሸጥ የነበረው ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101.47 ብር ገባ። ነዳጅ ሲወደድ የባጃጅም ሆነ የሚኒባስ ታሪፍ ባለበት አይቆይም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን ከመስከረም 2018 ጀምሮ የተደረገው ጭማሪ ታክሎበትም 6,000 ብር ነው።

በሌሎች አገሮች የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራት ሥራ ቦታ ስለ መድረስ ከአሠሪው ጋር ይደራደራሉ። በአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ መኪና ማቆሚያ ራሱን የቻለ የድርድር ርዕስ ሆኖ ቆይቷል። እንግሊዝ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ለመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኞች ነጻ ያደረገችው የመኪና ማቆሚያ በመጋቢት 2014 ዓ.ም ሲያበቃ ማኅበራቱ በግልጽ ተቃውመዋል። አብዛኛው የሶዶ ሠራተኛ መኪና የለውም፤ የእሱ ጥያቄ ሰርቪስ፣ የትራንስፖርት አበልና ሞተር ሳይክሉን በሰላም የሚያቆምበት ጥላ ነው።

ይህን ጥያቄ ይዞ የሚቀመጥበት የድርድር ጠረጴዛ ግን የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመንግሥት ልማት ድርጅት ሠራተኞች በማኅበራቸው በኩል ኅብረት ስምምነት እንዲፈራረሙ ይፈቅዳል። በመንግሥት አስተዳደር መሥሪያ ቤት የሚሠራው ግን ከዚህ አዋጅ ውጪ ነው። ስለዚህ ለአንዱ በድርድር የሚገኘው ጥቅም ለሌላው በመመሪያ ብቻ የሚሰጥ፣ በመመሪያም የሚነሳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች ሠራተኛውን በነጻ ማመላለሳቸው መልካም ሥራ ነው፤ የክልል ከተማ ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለውን አገልግሎት በመብት የሚጠይቅበት ሰነድ የለውም።

የሰርቪስ ጉዳይ ከታሪፍ በላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን ባይሸፍንም፣ በዚሁ አዋጅ መሠረት አሠሪው ለሠራተኞች ጉዞ በመደበው ተሽከርካሪ ሲጓዝ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የሥራ ላይ ጉዳት እንደደረሰበት ይቆጠራል። በራሱ ወጪ ባጃጅ ለተሳፈረ ሰው ይህ ከለላ አይዘልቅም። በሆስፒታል ለሌሊት ተራ የምትገባ ነርስ ከቤቷ የምትወጣው ከመሸ ነው፤ የእሷ ጉዞ ከማንም ጉዞ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

«በጀት ከየት ይመጣል?» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ እስከ መዘግየት ደርሶ ነበር። ይሁን እንጂ ድርድር ማለት የተጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ማለት አይደለም። ገንዘቡ ሲያንስ የቱ ይቅደም የሚለውን ከሠራተኛው ጋር ተቀምጦ መወሰን ነው። ጎረቤት ቢሮዎች አንድ አውቶቡስ በጋራ ሊከራዩ፣ የሌሊት ተረኞች ሊቀድሙ፣ በግቢው ውስጥ ለሞተርና ለብስክሌት ቦታ ሊከለል ይችላል። የመጨረሻው ከጥቂት ቆርቆሮና ከአንድ ጥበቃ የዘለለ ወጪ የለውም።

ሕጋዊ መንገዱም ክፍት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ተደራጅተው የመደራደር መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ ዝርዝሩን ለሕግ ትቷል። አንቀጽ 52 ደግሞ ስለ ክልል መንግሥት ሠራተኞችና የሥራ ሁኔታቸው ሕግ የማውጣት ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት በዚህ ሥልጣኑ ሠራተኞች በመረጧቸው ተወካዮች በኩል ስለ መጓጓዣ ከየቢሮው ጋር የሚደራደሩበትንና የተስማሙበትን የሚፈርሙበትን ድንጋጌ በሠራተኞች ሕጉ ውስጥ ሊያስገባ ይገባል፤ ስምምነቱም በየዓመቱ የበጀት ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት የሚታይ ይሁን።