ወንዙን ያጠቆረው ወሊድ አይደለም

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዓለም ገና ወደ አየር ጤና፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ ወይም ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ታክሲ ጠብቃችሁ ከሆነ ይህችን ነገር ሰምታችኋል፦ «ሕዝቡ በዛ!» ሰልፉ ሲረዝም፣ ቧንቧው ሲደርቅ፣ ኪራይ ሲጨምር፣ ወንዙ ሲሸት መልሱ ያው ነው። ባለሥልጣኑ በቴሌቪዥን ይላታል፣ ምሁሩ በፓወር ፖይንት፣ እኛ ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ። ሁሉም ያለክርክር የሚቀበላትን አባባል ስትሰሙ ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ የሆነ ሰውን ከተጠያቂነት ታድናለች።

በኛ ሙያ የታወቀ ነገር ነው። ሲስተም ሲንቀራፈፍ ሰነፍ ዲቨሎፐር «ተጠቃሚ በዝቶ ነው» ይላል። ደህናው ሎጉን ከፍቶ የቱ ጋ እንደታነቀ ያያል። አንዳንዴ እውነትም ተጠቃሚው በዝቷል። ብዙ ጊዜ ግን በግዴለሽነት የተጻፈች አንዲት ኩዌሪ ናት ዳታቤዙን አንቃ የያዘችው። ሁለቱን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው። እስቲ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ሎግ እንክፈት።

በመጀመሪያ፣ ቁጥሩን አልክድም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 73.7 ሚሊዮን ነበርን፤ ዛሬ ግምቶች ከ120 ሚሊዮን በላይ ያደርሱናል። ግምት የምለው ከዚያ ወዲህ ስላልተቆጠርን ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ቆጠራ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ ቀረ። በዚያ በ1999ኙ ቆጠራ ሰበታ 50 ሺህ ሰው እንኳ አልሞላችም። አሁን ከዓለም ገና እስከ ሰበታ መሃል ያለውን ያየ ሰው ያ ቁጥር ምን ያህል እንዳረጀ ይገባዋል። ሳይቆጥሩን «በዛችሁ» ይሉናል። ሳይቆጥሩ ደግሞ ስንት ቧንቧ፣ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት የፍሳሽ መስመር እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። ጥፋቱ የተወለደው ሕፃን ነው ወይስ ያልቆጠረው መንግሥት?

ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች፤ የአዲስ አበባዋ ግን 1.8። ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ከዚህ በታች የሆነችው ደግሞ ዛሬ አይደለም፤ በ1992ቱ ጥናትም 1.9 ነበረች። ስለዚህ በወሊድ ብቻ ብትኖር ኖሮ ይህቺ ከተማ ቀስ በቀስ ሰው ታጣ ነበር። እሷ ግን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ዋጥ አድርጋ ትሄዳለች። «አትውለዱ» የሚለው ምክር ለማን ነው?

ታዲያ ዳርቻውን የሞላው ማን ነው? አንደኛው ከገጠር የመጣው ነው። እዚህ ላይ የሕዝብ ቁጥር እውነተኛ ድርሻ አለው፦ የአባት ሁለት ሄክታር ለአራት ወንድማማች ሲካፈል ለአንዱ ግማሽ ሄክታር ይደርሰዋል፣ ያቺ ደግሞ ቤተሰብ አታበላም። ሁለተኛው ከመሃል ከተማ የተገፋው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ፒያሳ ፈረሰ፣ ካዛንቺስ ተከተለ። የተነሳው ነዋሪ ወደ ዳርቻ ሄደ፤ የዳርቻውን ኪራይ ያልቻለው ከዳርቻውም አለፈ። ይህ ሰው አልተወለደም፤ ተዛወረ። ከአራት ኪሎ ወደ ቡራዩ የተዛወረ ቤተሰብ በሀገሪቱ ሕዝብ ላይ አንድ ሰው እንኳ አልጨመረም፤ የጤፍ ማሳው ግን ቀነሰ፣ የታክሲው ጉዞም ረዘመ።

ያ ማሳ ደግሞ ባለቤት ነበረው። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ለረጅም ጊዜ በሠራው በአዋጅ 455/1997 የሚፈናቀል ገበሬ የሚካሰው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። ገቢው የሚሰላው በጤፍና በገለባ፤ መሬቱ ግን ከገበሬው እጅ እንደወጣ ዋጋው በካሬ ይሆናል። ልዩነቱን የሚበላው ባለሀብት፣ ደላላና ማኅተም የያዘ ሰው ነው። መሬት እንዲህ በርካሽ የሚገኝ ከሆነ ማን ቆጥቦ ይጠቀምበታል? የታጠረ፣ ለዓመታት ሳይገነባበት አረም የበቀለበት ቦታ በሦስቱም ከተሞች አለ። አጥሩ ውስጥ የበዛ ሕዝብ ግን አይታይም።

በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያው ኦሮሚያ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲወራ ወጣቱ ለምን እንደወጣ ከዚህ ተነስቶ ማሰብ ይቻላል። ብዙ ሰው ሞተ። ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ተሰረዘ። የተሰረዘው ግን ወረቀቱ ነው፤ መስፋፋቱ ቀጠለ። በ2015 ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ በዙሪያው ያሉ ከተሞች ሸገር ሲቲ ተብለው ተዋሃዱ፣ በዚያው ዓመትም ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። የጨረቃ ቤት ሲፈርስ የሰው ቁጥር አይቀንስም። ቆርቆሮውን ተሸክሞ ሄዶ ሌላ ማሳ ላይ እንደገና ይተክላል፤ እንግዲህ ሁለት ማሳ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ያጠጣል። ሱሉልታ ላይ ውሃ ታሽጎ በመኪና ይወጣል፤ ነዋሪው ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ሰበታ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅና የመጠጥ ፋብሪካው፣ የአበባ እርሻውም እዚያው ተደርድሯል። የጨርቅ ቀለም ወንዝ ውስጥ የሚገባው እናቶች ብዙ ስለወለዱ ነው? አካባቢን የሚበክል ድርጅትን ለመቅጣት ሕግ አለን፦ አዋጅ 300/1995። ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሱሉልታ ውሃ ወደ ሙገር ወርዶ ዓባይ ይገባል፣ የሰበታው አዋሽን ይዞ እስከ አፋር ይሄዳል። እዚያ ግመሉን የሚያጠጣው አርብቶ አደር የኛን ፍሳሽ ይጠጣል፣ ቀጥሎም «ብዙ ትወልዳለህ» ተብሎ ይወቀሳል።

ቆሻሻውም እንደዚያው ነው። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ ተወሰደ፤ ገበሬዎቹ ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2009 ላይ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። የሞቱት ከክምሩ ሥር ጎጆ የቀለሱ ድሆች ነበሩ። ቆሻሻውን ያመረተው ግን በአብዛኛው ሌላው ከተሜ ነው።

ታሪካችንም ይህንኑ ይናገራል። በአፄ ምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ ከጥቂት አሥር ሺዎች የማይበልጥ ሰው ይዛ ማገዶ ጨረሰች፤ ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነስተው ነበር። ያኔ ማን ነው «በዛ» የሚባለው? ከተማዋን ያተረፋት የባሕር ዛፍ ተከላ ነው። ከሰበታ በላይ ወጨጫ ላይ ያለው የሱባ ደን ደግሞ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት እንደሆነ ይነገራል። ጥቂት ሰው ደን ጨረሰ፤ ሥርዓት ያለው ሰው ደን ተከለ።

ይህ ወሬ የኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካዊው ፖል ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ የሕዝብ ብዛት አደጋ በስሜት የገባው ዴልሂ ላይ በታክሲ ሲሄድ እንደሆነ ይተርካል። በዚያ ጊዜ ዴልሂ ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበራት፣ ፓሪስ ከነዳርቻዋ 8 ሚሊዮን ገደማ። ፓሪስ ላይ ግን ማንም «ሕዝቡ በዛ» ብሎ አልደነገጠም። ያስደነገጠው ድህነት ነው፤ ስሙን ግን ብዛት አሉት። ዛሬም አንድ አሜሪካዊ በዓመት ከ13 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ የኢትዮጵያዊው ድርሻ 0.2 ቶን አይሞላም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ለሚሉትም አላጨበጭብም። የ1985ቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ትክክል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ካገቡ ሴቶች 22 በመቶው ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ የወሊድ መቆጣጠሪያ አይጠቀሙም ነበር። ይህ መቀረፍ አለበት፤ የሴቷ መብት ስለሆነ፣ ጤናዋም ስለሆነ። የገጠሩም መሬት ፋታ ያገኛል። ነገር ግን ዛሬ ያልተወለደ ልጅ ቤት የሚፈልገው ከ20 ዓመት በኋላ ነበር፤ ወንዙ የሚሞተው ዛሬ ነው። የእናቶችን ማኅፀን የፋብሪካ ማጣሪያ ምትክ አናድርገው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን «የሕዝብ ቁጥር መጨመር ያመጣው ጫና» ሲል አትነቅንቁ። ቆጠራው መቼ ነው በሉት። የእያንዳንዱ ፋብሪካ የፍሳሽ ምርመራ ውጤት የት ተለጥፏል በሉት። ታጥሮ የተቀመጠው መሬት የማን ነው፣ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ከሥራው ሳይርቅ ስንት ቤት ተሠራ በሉት። እነዚህ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። «ሕዝቡ በዛ» ግን መልስ እንዳይፈለግ የተቀመጠች ቁልፍ ናት፤ ቁልፉ ደግሞ በኛው እጅ እየተዞረ ነው።