የእሁድ ማታ ድብርትና የስደተኛው ሰኞ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ኦስሎ ጭር ትላለች። ከትንንሾቹ በቀር ሱቁ ሁሉ በሕግ ዝግ ነው። የአገሬው ሰው ወደ ኑርማርካ ጫካ ሲወጣ፣ እኛ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስልካችን ላይ እናፈጣለን። በዲሴምበር መጨረሻ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ 11 ሰዓት ከ12 ቢሆንም ፀሐይዋ ገና አለች። ሰዓታችን ከአገር ቤት በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ጨለማው ግን እኛን ይቀድማል።

ድብርቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የሃንጋሪው ሐኪም ሳንዶር ፌሬንሲ እ.ኤ.አ. በ1919 ስለ እሁድ ሕመም ጽፏል፤ ሥራ ጋብ ሲል ታምቆ የቆየው ብቅ ይላል ነው ነገሩ። የክረምቱን ድብርት ደግሞ እነ ኖርማን ሮዘንታል በ1984 የሕክምና ስም ሰጥተውታል።

የስደተኛው ግን ይለያል። ትናንት ዴስክ ይመራ የነበረ ሰው ነገ ማለዳ የሌላውን ዴስክ ሊወለውል ይነሳል። የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው በመጠለያ የዩዲአይን ደብዳቤ የሚጠብቀው ወገናችንስ? እሱ የሚፈራው ሰኞ እንኳ የለውም፤ ሳምንቱ ሁሉ እሁድ ነው። ኖርዌይ በጃንዋሪ 2012 ጥገኝነት የተከለከሉ ኢትዮጵያውያንን ለመመለስ ከአዲስ አበባ ጋር ስትፈራረም ስንቱ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ!

“አገር እየተቃጠለ ስለ ስሜት ታወራላችሁ?” የሚለን አይጠፋም። አዎን፣ እናወራለን! በፓልቶክ ዘመን እሁድ ማታ ይዘንብ የነበረው ስድብ ሁሉ ፖለቲካ ነበርን? ከፊሉ ብቸኝነት ነበር። ዛሬም መድረኩ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ብቸኝነቱን በወገኑ ላይ የሚወጣ ሰው ለትግሉ ምን ይጠቅማል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አባቶቻችን ከቅዳሴ በኋላ በተራ የሚደግሱት ሰንበቴ ነበራቸው። እኛም እዚህ እሁድ ማታ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በተራ የሚያፈላው ቡና ቢኖረን ምን ይገደናል? እንደ አገሬው ሰው ብርሃን ሳለ እንውጣ። ክረምቱን ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ በቀላሉ ያንሰዋልና ሐኪም እንጠይቅ። ድብርቱ ሳምንታት ከዘለቀ ለሐኪም መንገር ነውር አይደለም፤ ሐኪም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

እስከዚያው ግን ወገን፣ እሁድ ሲመሽ ብቻውን ለሚኖር አንድ ሰው ደውሉ። ስለ ድርጅት መግለጫ አይደለም። “እራት በላህ ወይ?” በሉት፤ “በላሽ ወይ?” በሏት። መልስ ከጠፋ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።

ቸር ያሰንብተን።