የኤሌክትሪክ መጋዝና የስለቱ አመራረጥ

በሁሩታም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን አልጋና ቁም ሣጥን፥ የበርና የመስኮት መቃን እየሠሩ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ አናጢዎች አሉ። ልጃቸው ይህን ሙያ የተማረላቸው ወላጆች የኤሌክትሪክ መጋዝ ሊገዙለት ባሰቡ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። ዳሩ ግን ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፥ የልጁ ጣቶች ከዚያ መሣሪያ ጋር ስንት ዓመት በደኅና ይኖራሉ የሚለው ነው።

ርካሽ መስሎ የሚታየው መንገድ፥ ብረት መቍረጫ በሆነው ግራይንደር ላይ ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ ማሰር ነው። ይህ ልማድ በብዙ ሥራ ቤት ስለሚታይ በግልጥ እንናገራለን፤ ከቶ ሊደረግ አይገባውም። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ በእጅ የሚያዘው ክብ የእንጨት መጋዝ ግን 5,000 ጊዜ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ግራይንደሩ በእንጨቱ ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ መቀመጫ የለውም፤ ጥርሱን ሸፍኖ በራሱ የሚመለስ መከላከያም የለውም። የብረቱ ዲስክ እየፋቀ ይቈርጣል፤ ጥርስ ግን ይነክሳል። ነክሶም በእንጨቱ ውስጥ በተያዘ ጊዜ መሣሪያው ከእጅ ተስፈንጥሮ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር የኤሌክትሪኩ ጕዳይ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ በስጦታ የላከው መጋዝ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛ አገር መስመር ግን 220 ቮልት ስለሆነ፥ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ኀይል ቀናሽ ትራንስፎርመር ቢደረግለትም፥ 1,500 ዋት ለሚወስድ መጋዝ ለራዲዮ የተገዛው ትንሹ አይበቃውም።

አሁን ወደ ስለቱ እንመለስ፤ ሰው ሁሉ ስለ ሞተሩ ይጠይቃል፥ የሚቈርጠው ግን ስለቱ ነው። ስፋቱ 185 ሚሊሜትር የሆነ ስለት 24 ጥርስ፥ 40 ጥርስ ወይም 60 ጥርስ ሊኖረው ይችላል። ጣውላ በርዝመቱ፥ ማለት ቃጫውን ተከትሎ፥ ሲሰነጠቅ ብዙ ሰጋቱራ ስለሚወጣ በጥርስና በጥርስ መካከል ሰፊ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ለዚህም 24 ጥርስ ያለው ይስማማል። በዚህ ሥራ ላይ 60 ጥርስ ያለውን ቢያስገቡት ይጨሳል፥ እንጨቱንም ያጠቍረዋል። በአንጻሩ ኮምፔንሳቶ በ24 ጥርስ ቢቈረጥ ዳርና ዳሩ ይላጣል፤ እዚያ ላይ 60ው ያምራል። አንድ ብቻ ለመግዛት ዐቅም ያለው ሰው 40 ጥርስ ያለውን ይውሰድ። በስለቱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ፍጥነት ከመጋዙ ፍጥነት የሚበልጥ፥ የመካከሉም ቀዳዳ ከመጋዙ ዘንግ ጋር ልክ የሚገጥም መሆኑን ሳያረጋግጥ ግን ገንዘቡን አይክፈል። ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ እንጨት የሚቈርጥ እንደሆነ፥ ምስማሩን አስቀድሞ ይንቀል፤ በጥርሱ ጫፍ ላይ ያለው ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ምስማር ሲያገኘው ይሰበራልና።

ዋንዛ ለስለት የዋህ እንጨት ነው። አገሩ አውስትራልያ የሆነውና በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የገባው ባሕር ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። ግንዱ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ስለሚያከማች፥ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ወገን ይጣመማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ተመልሰው ስለቱን እንደ ጕጠት ይይዙታል። መጋዙ ወደ ኋላ የሚስፈነጠረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥቂት ከተሰነጠቀ በኋላ መጋዙን አጥፍቶ፥ ስለቱም ፈጽሞ ሲቆም፥ በተሰነጠቀው መካከል ሽብልቅ ማስገባት፥ ሲቈርጡም ከስለቱ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን መቆም ያስፈልጋል። ስለቱ ከጣውላው በታች ከአንድ ጥርስ ቁመት በላይ እንዳይወርድ ይስተካከል።

መከላከያው ሥራ ያዘገያል ብለው በሽቦ የሚያስሩት አሉ፤ ይህን ያየ አባት መጋዙን ከልጁ እጅ ቢወስድ አይፈረድበትም። ጓንትም ቢሆን በሚሽከረከር ስለት አጠገብ ጠላት ነው፤ ክሩ ሲያዝ እጅን አብሮ ይስባል። ሰጋቱራውንም አንናቀው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ያወጀ ስለሆነ፥ አፍና አፍንጫን መሸፈን፥ ሕፃናትንም ከሥራ ቤቱ ማራቅ ይገባል።

መብራት በሥራ መካከል የጠፋ እንደሆነ፥ የመጋዙን ማብሪያ ወዲያው መልቀቅ፥ ገመዱንም ከሶኬት መንቀል ነው። ማብሪያው እንደ ተቈለፈ በጠረጴዛ ላይ የተተወ መጋዝ፥ መብራቱ በተመለሰ ጊዜ ማንም ሳይነካው ይነሣል።