ዳዶ ግጥም ውስጥ አይገባም ላላችሁኝ

ባለፈው ሰሞን በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ግጥም አነበብሁ። በግጥሙ ውስጥ «ዳዶ» የሚል ቃል ነበረበት፤ «ቸርኬ» የሚልም። ንባቤን እንደ ጨረስሁ በዕድሜም በንባብም የሚበልጡኝ አንድ ሰው ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ስሜቱስ ባልከፋ፤ ግን የጋራዥ ቋንቋ ግጥም ውስጥ ሲገባ ጆሮ ይቆረቁራል። መንኮራኩር የሚል ያማረ ቃል እያለልህ!» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥሁ። ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ኋላ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል ሰው እሺ ማለት ይለምድበታል። ያን ዕለት ያልመለስሁትን መልስ እነሆ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

በ2009 ዓ.ም. ነው። በደሴ መስመር ወደሚገኝ ቅርንጫፍ ተዛውሬ፣ አልጋዬንና መጻሕፍቴን በአንድ አይሱዙ ጭኜ፣ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል ተቀምጬ እሄዳለሁ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስንጀምር የኋላው ግራ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሞላው ነው፣ መኪናዋ ገና ሳትቆም ዘልሎ ወርዶ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወተፈ። እኔ ከገደሉ አፋፍ ቆሜ ጉሙን እመለከታለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ዘመን መንኮራኩር ስንኝ እየቋጠርሁ ነበር።

ረዳቱ ከስድስቱ ዳዶዎች ሦስቱን አላላ። አራተኛው ዝጎ ነበርና አልነቃነቅ አለው። ናፍጣ ሊያመጣ ወደ ጋቢናው ሲሄድ፣ እኔ ባለ ዲግሪው፣ ላግዝ ብዬ መፍቻውን አነሣሁ። እጀታው ላይ የብረት ቱቦ አጠለቅሁበትና በሙሉ ክብደቴ ወደ ግራ ተጫንሁት። የማውቀው ክዳን ሁሉ የሚከፈተው ወደ ግራ አይደለምን? ቀጭ አለ። ተፈታ ብዬ ደስ አለኝ። አልተፈታም፤ ብሎኑ ተቀንጥሶ ከነዳዶው መፍቻው ውስጥ ቀርቷል።

«ይኼ እኮ የግራ ጎማ ነው፣ ልጄ» አሉ ሹፌሩ። አልተቆጡም፤ አለመቆጣታቸው ይብስ አሳፈረኝ። «የዚህች መኪና የግራው ወደ ቀኝ ነው የሚፈታ። አንተ ስታጠብቀው ነው የቆየኸው።» ከቀሩት ብሎኖች የአንዱን ጫፍ በጣታቸው ጠርገው አሳዩኝ፤ ግራ መሆኑን የምታመለክት «ኤል» የምትባለው የላቲን ፊደል ተቀርጻበታለች። መኪናው ወደፊት ሲሽከረከር ዳዶው በራሱ እንዳይላላ ሲባል፣ በብዙ የቆዩ የጃፓን የጭነት መኪናዎች ላይ የግራው ጎማ ብሎን ጥርሱ ተገልብጦ ይሠራል። ሁሉም መኪና ግን እንዲህ አይደለም፤ ስለዚህ ከመንካት በፊት ማየት ያስፈልጋል። እኔ ማየቱን ለጉሙ ሰጥቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ያደረገውን ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። አምስተኛውን በናፍጣ አርሶ ተወው። እኔ ቸኩያለሁ፤ እርሱ አልቸኮለም። ናፍጣው ወደ ዝገቱ እስኪሰርግ ጠብቆ፣ ዳዶውን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያለ ቀጠቀጠው፤ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ነካ፣ ጥቂት ወደ መፍቻው መለስ እያደረገ አለማመደው። ስድስተኛው የባሰ ነበር፤ ማዕዘኑ ተበልቶ ክብ ሆኗልና መፍቻው ይሾልከዋል። ልጁ መሮ አመጣ። የመሮውን ስለት በዳዶው ጠርዝ ላይ አጋድሞ፣ በሚፈታበት አቅጣጫ እየመታ በስንጥር በስንጥር አዞረው። እኔ ዝም ማለት አልችልበትምና፣ እሳት ቢለኮስበት አይቀልም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሹፌሩ ሣቁ፤ «ነፋስ ከያዘ ጎማ አጠገብ እሳት? ቦምብ ልትሠራ ነው?» አሉኝ። ጎማው በክሪክ የተነሣው ዳዶዎቹ ሁሉ ከላሉ በኋላ ነው። ትርፉን ጎማ በአምስት ዳዶ አግድም አግድም እያፈራረቁ አጥብቀው፣ በዝግታ ደብረ ሲና ገባን። ጋራዥ ሲደርሱ የተሰበረውን ብሎን ብቻ አልለወጡም፤ በግራና በቀኙ ያሉትንም ሁለቱን ጨመሩ። «የሞተውን ሸክም ተሸክመው መጥተዋል፤ አይታመኑም» አሉ ሹፌሩ። ሂሳቡን እኔ ከፈልሁ።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ። ያን ቀን «መንኮራኩሩን አቀብለኝ» ብለው ኖሮ ልጁ ምን ያቀብለኝ ነበር? መንኮራኩር ያማረ ቃል ነው፤ አልክድም። ነገር ግን አካል የለውም። ጎማ የለው፣ ቸርኬ የለው፣ ካላማዳሪያ የለው። ዝገት አያውቀውም። (ይባስ ብለን ወደ ጠፈርም ልከነዋል፤ ጠፈርተኞች የሚሄዱበትንም መንኮራኩር እንለዋለን።) ይህን ቃል ብቻ የያዘ ገጣሚ «የሀገር መንኮራኩር ተሰበረ» ብሎ ያለቅሳል፤ ስንት ጊዜ ሰማነው! የቱ ብሎን ነው የተሰበረው? በየትኛው በኩል? ላግዝ ብሎ ወደ ማጥበቂያው የተጫነውስ ማን ነው? ይህን ብትጠይቁት ግጥም አይገባችሁም ይላችኋል።

ባዕድ ቃል ነው የሚሉም አሉ። አዎን፣ ዳዶም ቸርኬም ጎሚስታም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። የጣርማ በርም ዋሻ የጣሊያን ሥራ ነው፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ አልደፈንነውም። ዛሬም መብራት አብርተን እናልፍበታለን። የግጥም ንጽሕና የሚያሳስባቸው ሰዎች ወደ ደሴ ሲሄዱ በየት በኩል እንደሚዞሩ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ቃሉ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አስወጥቶት ይሆናል፤ ከጆሯችን ግን አላስወጣውም። «የጋራዥ ቋንቋ» ስንል ድምፃችን የሚይዘውን ቃና አዳምጡት። እንዲህ የምንለው ደግሞ በቅኔያችን የምንኮራ እኛ ነን። ለመሆኑ ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአንጥረኛ ቤት ነው። ሰሙን ቀርጾ፣ በጭቃ ለብጦ፣ በእሳት አቅልጦ አፍስሶ፣ በባዶው ቅርጽ ውስጥ ወርቅ ከሚያፈስሰው ባለ እጅ ተውሰነው ነው። የዚያ ዘመን ባለ ቅኔ የወርቅ አንጥረኛውን ወናፍ ሳይጸየፍ ቀርቦ ባያይ ኖሮ፣ ዛሬ የምንመካበትን ምን ብለን እንጠራው ነበር?

የእኔ ግጥም ጥሩ ነው እያልሁ አይደለም። ሁለተኛው አንጓ እንደሚያነክስ ራሴም አውቃለሁ። የጎዳና ቃል እንደ ቄንጥ አዝራር ግጥማቸው ላይ የሚሰፉ ጓደኞችም አሉኝ፤ ቃሉን እንጂ ሥራውን አያውቁትምና እነርሱንም አልወድላቸውም። ያም ሆኖ እኒያን አዛውንት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በቁልቁለት መንገድ ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ ረዳቱ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሲሰማው ትክክለኛውን ነገር የሚያቀብለኝ ሌላ ያማረ ቃል ካለዎት ይላኩልኝ። ያን ጊዜ ዳዶን ከግጥሜ አወጣዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ባለበት ነው።